የመንዝ ደጋና ቆላ በኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ፦ የራስተርና የቬክተር መረጃ ለጤና ባለሙያዎች

ትኩሳት የያዘው ሰው መሐል ሜዳ መጥቶ በሐኪም ፊት ሲቀርብ ከሚጠየቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «አባቴ፣ ከየት ነው የመጡት?» የሚለው ነው። ጥያቄው የእንግዳ አቀባበል ቢመስልም የምርመራው ግማሽ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በመንዝ ደጋ መሐል የምትገኝ በመሆኗ፣ ከቀዬው ርቆ ያልሄደ የደጋ ሰው ሲያተኩሰው ሐኪሙ የሳንባ ምችን፣ ታይፎይድን፣ ወቅቱና አኗኗሩ የሚያመለክት ከሆነም በቅማል የሚተላለፈውን ግርሻ ያስባል። በሽተኛው ከወንጭት ወይም ከጀማ ሸለቆ የወጣ፣ አለዚያም ለሥራ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አጣዬ ቆላ ወርዶ የሰነበተ ከሆነ ግን የወባ የደም ምርመራ ቅድሚያ ይይዛል። በዚህ አገር ከውርጭ እስከ ቆላ ያለው ርቀት የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው።

ልምድ ያለው የጤና ባለሙያ ይህን ካርታ በአእምሮው ይዞት ይዞራል። የመድኃኒትና የአጎበር ዕቅድ በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ግን ብዙውን ጊዜ የወረዳ ስምና ከጎኑ የተጻፈ አንድ ቁጥር ነው። በሐኪሙ አእምሮ ያለው ካርታና በሠንጠረዡ ያለው ቁጥር ሲለያዩ ጉዳቱን የሚሸከመው በሸለቆው አፋፍ የሚኖረው ገበሬ ነው። ይህን ልዩነት ለማጥበብ የሚያገለግል የኮምፒውተር ዘዴ ዛሬ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ሥራውም አንድ ላፕቶፕና ትዕግሥት እንጂ ትልቅ ተቋም አይፈልግም። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው መረጃው በኮምፒውተር ውስጥ ምን መልክ እንዳለውና የትኛው ስሕተት በየት በኩል ሾልኮ እንደሚገባ ነው። ካርታውን ራሱ ሌላ ባለሙያ ቢሠራው እንኳ፣ በካርታው ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ የሚሰጠው የጤና ባለሙያው ነውና።

ሁለቱ የመረጃ ዓይነቶች

የቦታ መረጃ በኮምፒውተር ውስጥ በሁለት መልክ ይቀመጣል። አንደኛው ራስተር፣ ሁለተኛው ቬክተር ይባላል። ለጤና ባለሙያ ልዩነታቸውን ለማስረዳት የደረት ራጅ ይበቃል። በኮምፒውተር የሚታየው ራጅ እጅግ ብዙ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች በረድፍና በዐምድ የተደረደሩበት ምስል ሲሆን፣ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛል፤ ይኸውም የንጣቱን ወይም የጥቁረቱን መጠን ነው። ምስሉ ራሱ ልብ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አያውቅም። ሐኪሙ ግን የልብን ስፋት ከደረት ስፋት ጋር ለማነጻጸር ማስመሪያ ይዞ መስመር ያሰምራል። ምስሉ ራስተር ነው፤ መስመሩ ቬክተር ነው።

በመሬት ላይ ሲሆን የራስተሩ ሕዋስ የሚይዘው ቁጥር ከፍታ፣ የዝናብ መጠን፣ የሙቀት መጠን ወይም በዚያ ቁራሽ መሬት ይኖራል ተብሎ የተገመተው ሰው ብዛት ሊሆን ይችላል። ለአብነት ያህል የአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር ኢንደቨር እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2000 ዓ.ም. ለ11 ቀናት በራዳር የለካው የዓለም ከፍታ በኢትዮጵያ ምድር ላይ 30 ሜትር ገደማ በ30 ሜትር ገደማ በሆኑ ሕዋሳት ተከፋፍሎ ይገኛል። በዚህ ስሌት አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ከ1100 በላይ ሕዋሳት አሉት ማለት ነው። በሌላ በኩል ጤና ኬላ ነጥብ፣ ከጣርማ በር ተነሥቶ በሞላሌ በኩል መሐል ሜዳ የሚገባው መንገድ መስመር፣ የወረዳ ወሰን ደግሞ ራሱ ላይ የሚዘጋ መስመር፣ ማለትም ፖሊጎን ሆኖ ይቀመጣል። እነዚህ ሦስቱ ቬክተር ናቸው። ከእያንዳንዳቸውም ጋር እንደ ካርድ ክፍል መዝገብ ስም፣ መለያ ቁጥርና ሌላ ዝርዝር የያዘ ረድፍ አብሮ ይጓዛል።

በየትኛው መልክ ይቀመጥ የሚለው የምርጫ ጉዳይ ሳይሆን የነገሩ ጠባይ የሚወስነው ነው። ከቦታ ቦታ ሳይቋረጥ የሚለዋወጥ ነገር፣ እንደ ከፍታና እንደ ዝናብ ያለው፣ በራስተር ይመቻል። ሰው የሠራው ወይም ሰው የወሰነው ነገር በቬክተር ይመቻል። የወባ ትንኝ የወረዳ ወሰን አታውቅም፤ በጀት ግን ከወረዳ ወሰን አይወጣም። የሥራው ክብደት ሁለቱን በማጋጠሙ ላይ የሚያርፈውም ለዚህ ነው።

በፕሮግራም ቋንቋ መሥራት ለምን?

ካርታ በመዳፊት እየጠቆሙ በሚሠራባቸው ሶፍትዌሮችም ይዘጋጃል፤ መጥፎም አይደለም። ችግሩ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ሥራ እንደገና መሥራት ሲያስፈልግ፣ አለዚያም ሠራተኛው ተዛውሮ ሌላ ሰው ሲተካ ይመጣል። የትኛው ቁልፍ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተነካ የሚነግር መዝገብ የለም። በፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ሥራ ግን ልክ እንደ ሕክምና ማዘዣ ነው፤ ምን ታዘዘ፣ በምን መጠን፣ በየትኛው ቅደም ተከተል የሚለው ሁሉ ተጽፎ ይቀራል፤ ሌላ ሰው አንብቦ ሊያርመው ይችላል።

ከቋንቋዎቹ መካከል ፓይተን ለጀማሪ ቀለል ያለ፣ በነፃ የሚገኝና ሰፊ ተጠቃሚ ያለው ነው። ለቬክተር ጂኦፓንዳስ፣ ለራስተር ራስተሪዮ የተባሉ ጥቅሎች አሉት። የሁለቱም የውስጥ ሞተር ጂዳል የሚባለውና ፍራንክ ዋርመርዳም የተባለ ካናዳዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ሥራ ሲሆን፣ በርካታ የንግድ ሶፍትዌሮችም ይህንኑ ሞተር ይጠቀማሉ። የጤና ተመራማሪዎች የሚያዘወትሩትና በአንዲት የላቲን ፊደል የሚጠራው የስታቲስቲክስ ቋንቋም ተመሳሳይ ጥቅሎች ስላሉት፣ እርሱን የለመደ ሰው ፓይተንን እንዲማር የሚያስገድደው ነገር የለም።

ጂኦፓንዳስ የጤና ተቋማትን ፋይል ሲከፍት ለተመልካቹ የሚታየው ተራ ሠንጠረዥ ነው፤ አንዱ ዐምድ ግን ቅርጽ ይዟል። በዚህ የተነሣ «በዚህ ወረዳ ወሰን ውስጥ የሚገኙትን ጤና ኬላዎች አውጣ» የሚለው ትእዛዝ በአንድ መስመር ይጻፋል። ራስተሪዮ በበኩሉ ሁለት ነገር ይሰጣል። የመጀመሪያው በረድፍና በዐምድ የተደረደሩ ቁጥሮች ናቸው። ሁለተኛው የግራ ላይኛው ጥግ በምድር ላይ የት እንደሆነና የእያንዳንዱ ሕዋስ ስፋት ስንት እንደሆነ የሚናገሩ ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። እነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ከጠፉ የቀረው ምስል ስም ያልተጻፈበት ራጅ ይሆናል።

ነጥቡ የት ነው ያለው?

መሐል ሜዳ በግምት በ10.3 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ39.7 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። መዝጋቢው ሁለቱን ቁጥሮች ካፈራረቃቸው ከተማይቱ ከጣሊያን ደሴት ከሰርዲኒያ በስተ ምሥራቅ ባሕር ውስጥ ትገባለች። ይህ ስሕተት በብዙ አገር ይሠራል፤ ምክንያቱም ሰው «ኬክሮስና ኬንትሮስ» ብሎ ሲናገር ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ኬንትሮስን አስቀድሞ ይጠብቃል። ባሕር ውስጥ የገባ ጤና ጣቢያ ወዲያው ስለሚታይ አደጋው ቀላል ነው። የሚያሰጋው የማይታየው ስሕተት ነው።

በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት የታተሙት 1 ለ50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ የተዘጋጁ ናቸው። በእጅ የሚያዘው የጂፒኤስ መሣሪያና ስልክ ደግሞ ሌላ መነሻ ይጠቀማሉ። የአንዱን ቁጥር በሌላው ላይ እንዳለ ማስፈር ነጥቡን 200 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ያንሸራትተዋል። በሜዳማ አገር 200 ሜትር ምንም ላይሆን ይችላል። በመንዝ አፋፍ ላይ ግን 200 ሜትር ማለት ከደጋው ጫፍ ወደ ገደሉ መግባት ነው፤ ኮምፒውተሩም የጤና ኬላውን ከፍታ ሲጠየቅ በመቶ የሚቆጠር ሜትር ዝቅ ያለ ቁጥር ያለ ሐፍረት ይመልሳል። ጂኦፓንዳስ ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው የሚለውጥ ትእዛዝ አለው፤ ፋይሉ መጀመሪያ በየትኛው ሥርዓት እንደተመዘገበ የማያውቅ ሰው ግን ትእዛዙን አክብሮ ስሕተቱን ያጸናዋል።

ሌላው ነገር የመለኪያው አሐድ ነው። ምድር ክብ ስለሆነች በዲግሪ የተጻፈን መረጃ በሜትር ለመለካት አስቀድሞ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ለሰሜን ሸዋ የሚስማማው በባለሙያዎች ዘንድ ዞን 37 ሰሜን ተብሎ የሚታወቀው ነው። ይህ ሳይደረግ «ከጤና ጣቢያው ዙሪያ 5 የሆነ ክብ አስምር» ቢባል፣ 5 ኪሎ ሜትር የታሰበው ክብ 5 ዲግሪ፣ ማለትም 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆንና ጅቡቲን ጠቅልሎ ይገባል። አዳዲሶቹ የጂኦፓንዳስ እትሞች እንዲህ ሲደረግ ማስጠንቀቂያ ይጽፋሉ፤ ማስጠንቀቂያውን ማንበብ የሠራተኛው ፋንታ ነው።

አማካይ ከፍታ የሚደብቀው ወባ

ወባ በኢትዮጵያ ከከፍታ ጋር ያላት ዝምድና የታወቀ ነው። የፋልሲፓረም ጥገኛ ተሕዋስ በትንኝዋ ሰውነት ውስጥ የሚያደርገው እድገት የአየሩ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እጅግ ይዘገያል፤ ሙቀት ደግሞ በየ1000 ሜትር ሽቅብ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚህ መነሻ ለረጅም ዘመን ከ2000 ሜትር በታች ያለው ምድር ወባማ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከወባ ነፃ ተደርጎ ሲመደብ ቆይቷል። ይሁንና መስመሩ ግድግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ባለው ምድር ተዛምቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ማሳመሙና 150,000 ያህል መግደሉ ይገመታል። የተመታው ሕዝብ ወባን ያልለመደ፣ የመከላከል አቅም ያላዳበረ ነበር። አሚር ሲራጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት የደብረ ዘይትን አካባቢና የኮሎምቢያን ደጋ መርምረው፣ በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ስፍራ እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛ ዓመታት እንደሚወርድ አሳይተዋል።

እንግዲህ አንድ ወረዳ በአማካይ ከፍታው ሲመደብ ምን እንደሚሆን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ከምድሩ ዘጠኝ ዐሥረኛው በ3000 ሜትር ላይ የተዘረጋ፣ አንድ ዐሥረኛው ደግሞ በ1500 ሜትር ሸለቆ ውስጥ ያለ ወረዳ እንበል። አማካዩ 2850 ሜትር ይሆናል። በሠንጠረዡ ላይ ይህ ወረዳ ደጋ ነው፤ ፈጣን የወባ መመርመሪያም ሆነ አጎበር አያሻውም ይባላል። በሸለቆው ያለው አንድ ዐሥረኛ ግን ወባማ ምድር ነው። የመንዝና የመርሐቤቴ መልክዓ ምድር ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት የተመቸ ነው፤ ምዕራባዊው ጠረፍ ወደ ወንጭት ይወርዳል፣ ዓለም ከተማን የያዘው የመርሐቤቴ አምባም በወንጭትና በጀማ ሸለቆዎች ተከብቦ ይኖራል። ጥንት ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ተብሎ የተከፈለው መንዝ በስሙ አንድ ደጋ ነው፤ በአየር ንብረቱ ግን አንድ አይደለም።

መፍትሔው ፖሊጎኑን በራስተሩ ላይ አስቀምጦ በውስጡ የወደቁትን ሕዋሳት አንድ በአንድ መመርመር ነው። በፓይተን ራስተርስታትስ የተባለ ጥቅል ይህንኑ ይሠራል። ጥያቄው ግን መቀየር አለበት። «የወረዳው አማካይ ከፍታ ስንት ነው?» ከማለት «ከ2000 ሜትር በታች ያሉት ሕዋሳት ስንት ናቸው? በእነርሱስ ላይ ስንት ሰው ይኖራል?» ማለት ይገባል። ለሁለተኛው ጥያቄ የሕዝብ ብዛት ራስተር ያስፈልጋል። ወርልድፖፕ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን በ100 ሜትር ሕዋስ ያዘጋጀው አለ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ይህ ራስተር ቆጠራ ሳይሆን ግምት ነው። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ኮምፒውተሩ የወረዳውን ሕዝብ በቤቶች፣ በመንገድና በመሬት ጠባይ እየተመራ በየሕዋሱ ያከፋፍለዋል። የማከፋፈሉን ደግነት ለመፈተን በመንዝ ጥሩ ሚዛን አለ። የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ከ3200 ሜትር በላይ ያለ፣ ማኅበረሰቡ ለብዙ ዘመን ጠብቆ ያቆየው የሣር ምድር ነው። ራስተሩ በዚያ ላይ ብዙ ነዋሪ ካሳየ፣ የቆጠረው ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን መሆኑ ይጠረጠራል።

በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም ጎጂው ስሕተት ከአንድ ቁጥር ይመነጫል። ራዳር በጠባብና በገደላማ ሸለቆ ውስጥ ጥላ ስለሚያጋጥመው አንዳንድ ሕዋሳት ሳይለኩ ቀርተዋል። ባዶነታቸውን ለማሳወቅ ከዜሮ በታች 32768 የሚል ምልክት ተሰጥቷቸዋል። ፕሮግራሙ ይህ ቁጥር ምልክት እንጂ ከፍታ አለመሆኑ ካልተነገረው ይደምረዋል። ከ100 ሕዋሳት 95ቱ 3000 ሜትር ሆነው 5ቱ ባዶ ቢሆኑ አማካዩ 1212 ሜትር ይወጣል፤ የመንዝ ደጋ በአንድ ሌሊት የቆላ ወባማ ምድር ሆኖ ያድራል። ይህ እንኳ ዐይን ይገባል። ከመቶው አንዱ ብቻ ባዶ ቢሆን ግን አማካዩ 2642 ይሆናል፤ ቁጥሩ እውነት ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ክፍተታቸው የተሞላ የኋላ እትሞች አሉና እነርሱን መጠቀም ይመረጣል። ቢሆንም ከማናቸውም ስሌት በፊት ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ማየት፣ ደም ከመስጠት በፊት ዓይነቱን እንደማመሳከር ያለ ግዴታ ነው።

የሕዋስ ስፋትም እንዲሁ ሊዘነጋ አይገባም። ቺርፕስ የተባለው የዝናብ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ሲሆን የእያንዳንዱ ሕዋስ ወርድ 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሕዋስ የገደሉን አፋፍና የሸለቆውን ወለል በአንድ ቁጥር ሊጠቀልል ይችላል። ከዚህም በላይ ፕሮግራሙ በተለመደው አሠራሩ የሕዋሱ መሐል ነጥብ በፖሊጎኑ ውስጥ መውደቁን ስለሚፈትሽ፣ ትንሽ ቀበሌ አንድም ሕዋስ ሳይደርሰው «መረጃ የለም» ተብሎ ሊቀር ይችላል። ዝናብ ያልዘነበበት ቀበሌና ሕዋስ ያልደረሰው ቀበሌ አንድ አይደሉም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ እንዳይመስል፣ በአማራ ክልል በተግባር የተሞከረ ሥራ አለ። ኤፒዴሚያ የተባለው ፕሮጀክት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና በክልሉ የጤና ባለሙያዎች ትብብር የተካሄደ ሲሆን፣ ከየወረዳው የሚመጣውን ሳምንታዊ የወባ ሪፖርት ከሳተላይት የዝናብ፣ የመሬት ገጽ ሙቀትና የእርጥበት መረጃ ጋር በማዛመድ የወረርሽኝ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት የታሰበ ነበር። በዚያ ሥራ የሕሙማን ቁጥር በወረዳ ፖሊጎን፣ የአየሩ ሁኔታ በራስተር ይመጣል፤ ሁለቱን በየሳምንቱ የሚያጋጥመው በነፃ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ነበር።

ዝሆኔና ቀይ አፈር

ሌላው ምሳሌ በእግር እብጠት የሚታወቀውና ከፊላሪያ ትል ጋር ግንኙነት የሌለው ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በ1315 ማኅበረሰቦች በተካሄደው አገር አቀፍ ዳሰሳ ላይ ተመሥርተው ከበደ ድሪቤና ባልደረቦቻቸው በሽታው የሚመቸውን ምድር በካርታ አውጥተዋል። ዓመታዊ ዝናቡ ከ1000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ፣ ከፍታው ከ1000 እስከ 2800 ሜትር የሆነ ምድር ዋናው መኖሪያው ሆኖ ተገኝቷል። የዳሰሳው ነጥቦች ቬክተር፣ ዝናቡ፣ ከፍታውና አፈሩ ራስተር ናቸው፤ ሥራው በየነጥቡ ሥር ያለውን የሕዋስ ቁጥር አንብቦ ማዛመድ ነው። በዚህ ሚዛን መሐል ሜዳ ከወሰኑ በላይ ትሆናለች፤ ወደ ሸለቆዎቹ የሚወርደው ተዳፋት ግን በከፍታው ወሰኑ ውስጥ ይገባል። ሆኖም የካርታው ቀለም የምርመራ ውጤት ስላይደለ፣ ያበጠ እግር ይዞ የመጣውን ሰው ከደጋ ነህ ብሎ መመለስ አይቻልም።

ቀጥተኛ መስመርና ቃሬዛ

በጤና ተደራሽነት ዕቅድ ውስጥ የ5 ኪሎ ሜትር ክብ የተለመደ ነው። በጤና ተቋሙ ነጥብ ዙሪያ ክብ ይሠመራል፤ በክቡ ውስጥ ያለው ሕዝብ አገልግሎት አገኘ ይባላል። የወፍ በረራ መለኪያ ነው። ምጥ የጠናባት እናት ግን የምትጓዘው በቃሬዛ ነው።

ዋልዶ ቶብለር የተባሉት የጂኦግራፊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡት ቀመር የእግረኛን ፍጥነት ከተዳፋት ጋር ያያይዛል። በቀመሩ መሠረት ሰው በሜዳ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በየ100 ሜትሩ 30 ሜትር በሚወጣ ዳገት ፍጥነቱ ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር፣ በዚያው መጠን በሚወርድ ቁልቁለት ደግሞ ወደ 2.5 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። እንግዲህ አንዲት መንደርና አንድ ጤና ጣቢያ በሸለቆ ማዶና ማዶ ይቀመጡ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 4 ኪሎ ሜትር፣ 2ቱ ቁልቁለት፣ 2ቱ ዳገት ይሁን። በሜዳ ቢሆን 48 ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ እዚህ 1 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱም ግን በክቡ ውስጥ ናቸው። ይህም ጤነኛ ሰው ባዶ እጁን፣ በቀጥተኛ መንገድ ሲሄድ ነው፤ እውነተኛው የገደል መንገድ ይጠመዛዘዛል፣ ቃሬዛ ተሸካሚዎች ያርፋሉ፣ ይቀያየራሉ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ሰዓቱ ትርጉም ያጣል።

ኮምፒውተሩ ይህን የሚያሰላው ከከፍታው ራስተር ተዳፋቱን፣ ከተዳፋቱ ፍጥነቱን፣ ከፍጥነቱ እያንዳንዱን ሕዋስ ለማቋረጥ የሚፈጀውን ጊዜ እያወጣ ነው። መንገዶችና ወንዞች ቬክተር ስለሆኑ አስቀድመው ወደ ራስተር ይለወጣሉ፤ መኪና የሚሄድበት ሕዋስ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ የሚያልፍበት ሕዋስ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ከጤና ተቋሙ ተነሥቶ አጭሩን ጊዜ እየፈለገ ወደ ውጭ ይሰፋል። በፓይተን ሳይኪት ኢሜጅ የተባለው ጥቅል ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ቢኖረውም ዳገትና ቁልቁለትን በአቅጣጫ አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት በነፃ የሚያቀርበው አክሰስሞድ ግን ይለያል። ልዩነቱ ከንቱ አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ቤተሰቡ የምትወርድበት ጊዜና እናቲቱ ወደ ጤና ጣቢያ የምትወጣበት ጊዜ እኩል አይሆንምና።

እዚህም የሕዋስ ስፋት ይገባበታል። 90 ሜትር ወርድ ባለው ሕዋስ የተሠራ ስሌት ገደሉን አለስልሶ ስለሚያሳይ የመንዝን መንገድ ከእውነቱ ይልቅ ቀላል ያደርገዋል። የ30 ሜትሩ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን መሰላል የሚያሻውን ቋጥኝ አያይም።

የጤና ተቋማቱ ዝርዝርም የቀን ጉዳይ አለበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ በደረሰበት ወቅት በክልሉ በርካታ የጤና ተቋማት ጉዳት ደርሶባቸው አገልግሎት አቋርጠዋል። ነጥቡ በካርታው ላይ ሳይነቃነቅ አገልግሎቱ ግን ቆሞ ነበር። በዚህ ምክንያት የተቋማቱ ሠንጠረዥ «አገልግሎት ይሰጣል» የሚልና ይህ የተረጋገጠበትን ቀን የሚይዝ ሁለት ዐምድ ሊኖረው ይገባል።

የፊደልና የስም ጣጣ

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ልዩ የሆነ ችግር አለ። «መሐል ሜዳ»፣ «መሃል ሜዳ» እና «መሀል ሜዳ» ለአንባቢ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው። የሕሙማንን ሪፖርት ከወረዳ ወሰን ጋር በስም ለማጋጠም የሞከረ ሁሉ ሞክሼ ፊደላት ያደረሱበትን ያውቃል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የአጻጻፉ ዓይነት ይበዛል። ማጋጠሙ በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር እንዲሆን የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ወረዳዎች ይከፈላሉም፤ ቀድሞ ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል ይባል የነበረው አንድ ወረዳ ዛሬ መንዝ ጌራ ምድርና መንዝ ቀያ ገብርኤል ተብሎ ሁለት ሆኗል። የድሮውን ፖሊጎን ከአዲሱ ሪፖርት ጋር ያጋጠመ ሰው አንዱን ወረዳ ባዶ፣ ሌላውን እጥፍ አድርጎ ያገኘዋል።

ሼፕፋይል የሚባለው የቆየ የቬክተር ፋይል ዓይነት ለዐምድ ስም የሚፈቅደው 10 ባይት ብቻ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ የተካተተ ሲሆን በተለመደው አቀማመጥ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ «የጤና ጣቢያው ስም» እና «የጤና ኬላው ስም» የሚሉ ሁለት ዐምዶች ሁለቱም «የጤና» ላይ ይቆረጣሉ። ጂኦፓኬጅ የተባለው አዲሱ ዓይነት ይህ ጣጣ የለበትም። የዘመን አቆጣጠሩም ሊታሰብ ይገባዋል፤ ወርኃዊው የጤና ሪፖርት በኢትዮጵያ ወራት፣ የሳተላይቱ ዝናብ በፈረንጅ ወራት ስለሚመጣ፣ መስከረምን ከሴፕቴምበር ጋር እንዲሁ ያጋጠመ ሰው የዝናቡንና የወባውን ዝምድና በ10 ቀን ያህል ያዛንፋል።

የበሽተኛው ነጥብ

የሕሙማንን መኖሪያ በነጥብ መመዝገብ ለወረርሽኝ ምርመራ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን አምስት የዲሲማል ቁጥር ያለው መጋጠሚያ አንድ ሜትር ያህል ድረስ ይጠቁማል። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት በመንዝ ገጠር ይህ ማለት ስም ሳይጻፍ ስም መጥራት ነው። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና የሚከታተል ሰው ነጥብ በግድግዳ ካርታ ላይ ከዋለ፣ የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ገበያ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ለውጭ የሚወጣ ካርታ በቀበሌ የተደመረ ቁጥር ብቻ ሊያሳይ፣ ቁጥሩ በጣም ትንሽ የሆነበት ቀበሌም ከጎረቤቱ ጋር ሊጠቃለል ይገባል። ዋናው የነጥብ ፋይል በይለፍ ቃል ተዘግቶ፣ ማን እንደከፈተው እየተመዘገበ ይቀመጣል።

የተሠራው ካርታ ከመጽደቁ በፊት ታትሞ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቢታይ በኮምፒውተር የማይገኝ እርማት ይገኛል። የትኛው ወንዝ በሐምሌ እንደማይሻገሩት፣ የትኛው የእግር መንገድ በናዳ እንደተዘጋ፣ የትኛው መንደር በካርታ ለአንዱ ጤና ጣቢያ ቀርቦ በእግር ለሌላው እንደሚቀርብ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የሰጡት እርማት በእስክሪብቶ በወረቀቱ ላይ እንዳይቀር፣ ቀኑ ተጽፎበት በቬክተሩ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ረድፍ ሆኖ ይገባል፤ ፕሮግራሙም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እንደገና ይሠራል።